የብርድ ወቅት ጠጉር፦ ፈረሱን ሙሉ ልሸልተው ወይስ ከፊሉን?

የዳሞቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሰሜን ጀርመን፣ አንድ የግልቢያ ማሠልጠኛ ጋጣ ውስጥ ነው። ጥያቄዬ ስለ አንድ የሃኖቨር ዝርያ ሰንጋ ፈረስ ነው። ዕድሜው 14፣ ክብደቱ 560 ኪሎ ገደማ፣ መልኩ ዳማ። በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይጋለባል፤ ከዚያ ውስጥ ጠንከር ያለው ሥራ 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀን ለ4 ሰዓት ሜዳ ይወጣል፣ ሌሊት ጋጣ ያድራል።

አሁን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነን፣ ጠጉሩም ደርቷል። ከሥራ ሲመለስ የአንገቱ ሥር፣ ደረቱ፣ ከክርኑ ኋላ ያለው ቦታና ሆዱ በላብ ተነክሮ ይመጣል። ከ2 ሰዓት በኋላ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ጣቴን ወደ ቆዳው ስሰድ ግን ሥሩ እርጥብ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ሙሉ ልሸልተው ወይስ ከፊሉን? ያለኝ ትልቁ ባለገመድ ማሽን ነው፤ ስንት ሚሊሜትር የሚያስቀር ምላጭ ልግዛ? ግራና ቀኙ እኩል እንዲወጣስ ምን ይደረጋል? ደግሞ የማሽን ድምፅ ጭንቅላቱ አጠገብ ሲደርስ አይወድም፣ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል።

ልጓም ያዥ

እህቴ፣ ሙሉውን አትንኪው። የሚያልብበትን ቦታ ራስሽ ዘርዝረሽዋል፤ መሸለት ያለበትም እሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚበቃው ትሬስ ክሊፕ የሚሉት ነው። የአንገቱ ታችኛው ግማሽ፣ ደረቱ፣ ከክርኑ ኋላ ያለው፣ ሆዱ፣ ከዚያ በጎኑ በኩል እየጠበበ ወደ ታፋው የሚሄድ መስመር ይነሳል። ጀርባው፣ ወገቡ፣ የአንገቱ ላይኛው ክፍልና አራቱም እግሮች እንዳሉ ይቀራሉ። ስሙ የመጣው ከጋሪ ፈረስ ነው፤ የጠጉሩ መስመር የሚሄደው የመጎተቻው ማሰሪያ ጎኑን ይዞ በሚያልፍበት ከፍታ ላይ ነው። ሥራው ከዚህ ካነሰ የአንገት ሥርና ደረት ብቻ ማንሳት ይበቃል። ከዚህ ከበዛ ብላንኬት ክሊፕ አለ፤ አንገቱ ሙሉ ለሙሉ ይነሳና በጀርባውና በዳሌው ላይ ብርድ ልብስ ጣል የተደረገ የሚመስል ጠጉር ይቀራል። ሀንተር ክሊፕ ደግሞ ከእግሮቹና ከኮርቻው ሥር ካለው ቦታ በስተቀር ሁሉንም ያነሳል። እሱ በሳምንት 5 እና 6 ቀን እስኪያልበው ለሚሮጥ ፈረስ ነው፤ ለዚህኛው ይበዛበታል።

እግሩን ሁልጊዜ ተዪለት። እዚያ ያለው ጠጉር ከጭቃ፣ ከእሾህና ጭቃ ከሚያመጣው የቆዳ ቁስል ይከላከላል፤ እግር ደግሞ ብዙም አያልበውም። ሰኮናውን ሸፍኖ የወረደ ጠጉር ካለ በመቀስና በማበጠሪያ ማስተካከል ይበቃል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ፈረስ ጠጉር የሚያወጣውና የሚያራግፈው በዋናነት የቀኑን ርዝመት ተከትሎ ነው፤ ብርዱ ያግዛል እንጂ አይመራም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በ1 ሰዓት ገደማ ነው። ሃምቡርግ ላይ ግን በጁን 17 ሰዓት የነበረው ብርሃን በዲሴምበር ወደ 7 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። አገር ቤት ቶንዶስ ይዞ ጋጣ የሚገባ ባልደራስ የማናየውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽልት ጠጉሩ ሞልቶ ሲወጣ ይሁን፣ ማለትም ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መልሶ ይበቅላል፤ ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ጊዜ ያስፈልጋል። ከጃንዋሪ መጨረሻ በኋላ ግን ማሽኑን አስቀምጪው፤ የበጋው ጠጉር ከሥር መምጣት ስለሚጀምር አዲሱን ጫፉን ትቆርጪበታለሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ሻካራና ደብዛዛ ሆኖ ይታያል።

መልኩ ዳማ ነው ብለሻል። የተሸለተው ቦታ ፈዝዞ ወደ ቡላ ቢያደላ አትደንግጪ። ቀለሙ ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ ነው፣ ይመለሳል።

ጠመኔ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ስለ አሠራሩ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ነው።

ምላጭ፦ ለትልቁ ማሽን ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚያስቀረውን መካከለኛውን ግዢ። ከ1 እስከ 1.5 የሚያስቀረው ስስ ምላጭ ቆዳውን ያሳያል፣ እያንዳንዷንም ስሕተት ያጋልጣል። 3 ሚሊሜትር ጠጉር ግን ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ለክርንና ለጠባብ ቦታ ትንሽ ባለባትሪ ማሽን ካገኘሽ ቁጥር 10 ምላጭ ይበቃል፤ 1.5 ሚሊሜትር ያስቀራል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ጸጉር ቤት ቁጥሩ ሲጨምር ጸጉሩ ይረዝማል፣ በነዚህ ምላጮች ግን ቁጥሩ ሲጨምር ያጥራል። ቁጥር 40 የሚያስቀረው 0.25 ሚሊሜትር ነው፤ እሱ ሐኪም ለቀዶ ጥገና የሚላጭበት ነው። የሰው ቶንዶስ ይዞ ፈረስ ላይ መውጣት ደግሞ ማሽኑን ማቃጠል ነው፤ ሞተሩ ለዚህ አልተሠራም።

ምላጩን ሁለት ጥንድ አድርጊው። ላይኛውና ታችኛው አብረው ስለተሳሉ አብረው ይቀመጡ። የአንዱን ላይኛ ከሌላው ታችኛ ጋር ብታቀላቅይ ሁለቱም አዲስ ሆነው እንኳ አይቆርጡም።

እጥበት፦ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በፊት በሻምፑ እጠቢው፣ በደንብም ይድረቅ። ምላጭ የሚያደነዝዘው ጠጉር ሳይሆን በጠጉር ሥር ያለ አሸዋና ቅባት ነው። ለማጠብ ብርዱ ካልፈቀደ በጎማ መፋቂያ እስኪጠራ ፈትጊው። እርጥብ ጠጉር ላይ ማሽን አታስነሺ፤ ይጠቀለላል እንጂ አይቆረጥም። ጠጉር የሚያንሸራትት ቅባት የምትረጪ ከሆነ ኮርቻ የሚያርፍበትን ቦታ ዝለዪው፤ በማግስቱ ኮርቻው ይንሸራተታል። ጋማውን ጎንጉነሽ ወደ አንድ ጎን እሰሪ፣ ጭራውን በጨርቅ ጠቅልዪ።

መስመር፦ እኩልነት የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በሲባጎ ነው። ፈረሱን ደልዳላ ወለል ላይ አራቱ እግሮቹ እኩል እንዲያርፉ አቁሚው። በግራው በኩል መስመሩን በጠመኔ ሥሪ። ከጀርባው ከፍተኛ ነጥብ ጀምረሽ እስከ መስመሩ ድረስ ሲባጎ ጣይና ቋጥሪው፤ በቀኙ በኩል ያንኑ ቋጠሮ ተከተዪ። በትከሻው፣ በሆዱ መካከልና በሽንጡ፣ ሦስት ቦታ እንዲህ ለኪ። ከዚያ ከፊትም ከኋላም ራቅ ብለሽ እዪው። ስትሸልቺ መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ከጠመኔው 2 ሴንቲሜትር ዝቅ በዪ፤ ወደ ላይ የምትወጪው ሁለቱ ጎኖች ከተያዩ በኋላ ነው። በአንድ ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድና ለማስተካከል ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ መጨመር፣ ትሬስ ብሎ ጀምሮ ሀንተር ላይ የመድረስ የታወቀ መንገድ ነው።

ደኅንነት፦ ልቅ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከር የሌለው ሶኬት ላይ አትሰኪ። ወለሉ ደረቅና የማያንሸራትት፣ ጫማሽ ባለጎማ ይሁን። ሆድ ሥር ስትገቢ የራስ ቁር አድርጊ። ገመዱ በትከሻሽ ላይ ይሂድ፣ ፈረሱ እንዳይረግጠው። የሚይዝልሽ ሰው ሁልጊዜ ካንቺ ጋር በአንድ ጎን ይቁም፤ ፈረሱ ቢደናገጥ ጭንቅላቱን ወደ እናንተ ሲስበው የኋላ እግሩ ከእናንተ ይርቃል።

አሁን ማሽኑ። የምላጩን ማጥበቂያ እስኪያዝ ድረስ አዙሪ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረውን ዙር የማሽኑ መመሪያ ይነግርሻል፤ በብዙ ትልልቅ ማሽኖች 1 ዙር ተኩል ገደማ ነው። ከላላ ጠጉር በሁለቱ ምላጭ መካከል ይገባና መቁረጡን ያቆማል። ከጠበቀ ይግላል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ምላጩም በአንድ ፈረስ ያልቃል። ሲደነዝዝ ማጥበቅ ይቀናናል፤ የደነዘዘ ምላጭ የሚፈልገው ግን መሳያ ነው።

በየ5 እና 10 ደቂቃው አቁሚ። በቡሩሽ አራግፊ፣ ጥርሶቹ ላይና ምላጮቹ በሚገናኙበት ጎን ጥቂት ጠብታ የማሽን ዘይት አድርጊ፣ ጥቂት ሰከንድ አስነሽው፣ ትርፉን ጥረጊ። ለዚሁ የተሠራውን ቀጭን ዘይት ነው የምልሽ፤ የምግብ ዘይትም የመኪና ዘይትም ያጣብቃል። ምላጩን የእጅሽ አንጓ ውስጠኛው ላይ አስነኪው። ላንቺ ካቃጠለሽ እሱንም ያቃጥለዋል። ከማሽኑ ኋላ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ወንፊት መጥረግ አትርሺ፤ ጠጉር ሲደፍናት ነው ሞተር የሚቃጠለው።

ትከሻው ላይ ጀምሪ፤ ሰፊና ደልዳላ ነው፣ ፈረሱም ብዙ አይኮረኮርም። ምላጩን ቆዳው ላይ አስተኝተሽ ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ በረጅሙ ሂጂ፤ እያንዳንዱ መንገድ በፊተኛው ሲሶ ላይ ይደረብ። ኃይል አትጨምሪ፣ የማሽኑ ክብደት ይበቃል። ጠጉሩ የሚሽከረከርበት ቦታ፣ በተለይ ሽንጡ ላይ፣ እንደ አዟዟሩ አቅጣጫ መቀየር ግድ ነው።

ደም የሚወጣው ክርን ኋላ ነው። እዚያ ያለው ቆዳ እጥፍጥፍ ስለሆነ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ረዳትሽ የፊት እግሩን ወደ ፊት ይሳብልሽ፣ አንቺ በነፃ እጅሽ ቆዳውን ወጥሪ። በሽንጡ ሥር ያለውም እጥፋት እንደዚሁ። ጋማው ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ያህል አትጠጊ፤ አንዴ የተነካ ጋማ ለወራት ቀጥ ብሎ እንደ ቡሩሽ ይቆማል።

ሰሜን ነፋስ

ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። እዚህ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ የሚያልፍ ብርድ ያለበት ሳምንት ስላለ ትሬስ ራሱ ብዙ ነው የምንለው ጊዜ አለ፤ ሰሜን ጀርመን ግን እርጥብ እንጂ ያን ያህል ውርጭ ስላልሆነ የተባለው ያስኬዳል። ያልተነሳው ነገር የወሰድሽበትን እንዴት ትመልሺለታለሽ የሚለው ነው።

የደረቀና የሞላ የብርድ ጠጉር ያለው ፈረስ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ድረስ ሰውነቱን ለማሞቅ ተጨማሪ መኖ አይፈልግም። ጠጉሩ የተነሳ ወይም የራሰ ፈረስ ግን ከ15 ዲግሪ ጀምሮ መፈለግ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ ወለል በታች በየ1 ዲግሪው የሚፈልገው ጉልበት በ2.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእናንተው በቀን 11 ኪሎ ድርቆሽ የሚበላ ከሆነ 4 ዲግሪ ማነስ ማለት 1 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ ድርቆሽ ማለት ነው። ልብስ ካለበሳችሁት ይቀንሳል። ጭማሪውን በድርቆሽ ስጡ፣ በእህል አይደለም። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ሲብላላ ሙቀቱ እዚያው ይወጣለታል።

የልብስ ሙሌት በግራም ነው የሚነገረው። ለትሬስ መነሻ እንዲሆንሽ፦ ከ10 ዲግሪ በላይ ዝናብ ካለ ሙሌት የሌለው የዝናብ ልብስ፣ ከሌለ ምንም፤ ከ5 እስከ 10 ድረስ 100 ግራም፤ ከ0 እስከ 5 ድረስ 200፤ ከ0 በታች 300። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩን ትተሽ እጅሽን ከልብሱ ሥር በትከሻው በኩል አስገቢ። ሙቅና ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። ወበቅ ካለው በዝቶበታል፣ እሱም ከብርዱ ያላነሰ ይጎዳል። ጆሮው ቀዘቀዘ ብሎ ልብስ መደረብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ነው።

ከሥራ ሲመለስ ወፍራሙን ልብስ ወዲያው አታልብሱት። ላብ ወደ ላይ የሚያሳልፍ ቀጭን የፍሊስ ልብስ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ፣ ከዚያ የጋጣውን። የተሸለተ ትከሻ ላይ ልብስ ቶሎ ይፍቃል፤ በየቀኑ አውልቃችሁ እዩት።

ሶሎዳ

ስለ ጭንቅላቱ። ተዉት። ትሬስ ጭንቅላትን አይነካም፣ ስለዚህ ውጊያው አያስፈልግም። በአፉና በዓይኑ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ጢሞች ደግሞ የሚዳስስባቸው ስለሆኑ ጀርመን ውስጥ መላጨታቸው በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጢሙ የተላጨ ፈረስ ውድድር እንዳይገባ አድርጓል። የጆሮ ውስጡ ጠጉርም ትንኝና ቆሻሻ መከላከያው ነው።

ለድምፁ ማለማመድ፦ ከሽልቱ በፊት ለአንድ ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ። ድርቆሹን ሲበላ ማሽኑን 5 ሜትር ያህል ርቀሽ አስነሺ፣ ቀን በቀን ቅረቢ። ቀጥሎ የጠፋውን ማሽን ትከሻው ላይ አንሸራቺ። ከዚያ እጅሽን ትከሻው ላይ አድርጊና የተነሳውን ማሽን በእጅሽ ጀርባ ላይ አስደግፊ፣ ንዝረቱ በእጅሽ በኩል ይድረሰው። ማሽኑን የምታርቂው ጸጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሲያስቸግር ካራቅሽው ማስቸገር እንደሚሠራ ታስተምሪዋለሽ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ማደንዘዣ አለ፣ ግን በሐኪም። ከምላስ ሥር የሚደረገው ዴቶሚዲን ጄል ለመያዝ 40 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ቶሎ የቸኮለ ሰው አልያዘውም ብሎ ሥራ ይጀምርና ያበላሸዋል። ጄሉን በጓንት ነው የሚያዘው፣ በሰውም ቆዳ ይገባል። የደነዘዘ ፈረስ ሊያልበው ይችላል፣ ያኔ ምላጭ አይሄድም። ደግሞም አንገቱን ደፍቶ የቆመ ፈረስ ያለ ማስጠንቀቂያ ይራገጣል። ውድድር ካለው ከመድኃኒቱ በኋላ የሚጠበቀውን ቀን ሐኪሙን ጠይቂ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ዕድሜው 14 ስለሆነ። በጸደይ ጠጉሩን ሳያራግፍ ከቆየ ወይም ጠጉሩ ረዝሞ መጠቅለል ከጀመረ፣ ውሃም ከበዛበት፣ ነገሩ ወቅት ሳይሆን ኩሺንግ የሚሉት የፒቱታሪ እጢ ሕመም ሊሆን ይችላል። ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን በደም በመለካት ይታወቃል። በመኸር መጠኑ በጤነኛ ፈረስም ስለሚጨምር ውጤቱ በወቅቱ መለኪያ መነበብ አለበት። ፔርጎላይድ የሚባል መድኃኒት አለው።

የዳሞቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በመካከለኛው ምላጭ ጀመርኩ። መስመሩ በሲባጎው እኩል ወጥቷል። ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ትከሻውና የአንገቱ ሥር ላይ እንደ እርሻ ትልም ሰንበር ሰንበር ሆኖ ቀረ። ከክርኑ ኋላ ደግሞ ትንሽ ቆርጬዋለሁ፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል፣ ላይ ላዩን ነው። ሆዱን ሳልጨርስ አቆምኩ።

ጠመኔ

ማቆምሽ ጥሩ ነው።

ትልሙ ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ጠጉሩ ሥር የቀረ ቆሻሻ፣ የደነዘዘ ምላጭ፣ ወይም ምላጩ ሳይተኛ በጫፉ መሄዱ። ምላጩ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን ጠርጥሪ። የትልሙን ቦታ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ጥረጊው፤ ግራጫ ቅባት ከያዘ ያ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ፎጣ ነክረሽ አጥብቀሽ ጭመቂ፣ የተሸለተውን ቦታ ሁሉ በደንብ ፈትጊበት፣ ልብስ አልብሰሽ አድርቂው። ነገ ሁለተኛውን ጥንድ ምላጭ አስገቢና ትልሙን በአግድመት፣ በመስቀለኛ አቅጣጫ ሂጂበት። ያኔም የቀረውን ተዪው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠጉሩ ሲያድግ አብሮ ይጠፋል። ዛሬውኑ ደጋግሞ መሄድ ቆዳውን ያስቆጣል።

ለቁስሉ፦ የተቆረጠውን ጠጉር አንሺለት፣ በጨው ውሃ ወይም ክሎርሄክሲዲን በሚባለው የቁስል ማጠቢያ፣ አቅጥነሽ፣ እጠቢው። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ በጣም የተጋለጠ ስለሆነ የቴታነስ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ መዝገቡን ዛሬ እዪ፤ ካለፈ ለሐኪም ደውዪ። ቦታው የሆድ ማሰሪያ የሚያርፍበት ስለሆነ እስኪድን ኮርቻ አይጫንበት፤ በእጅ እየመራሽ አራምጂው።

ምላጩንና ማሽኑን ወደ ሌላ ፈረስ ከመውሰድሽ በፊት በፀረ ተባይ እጠቢ። ጭርት በአንድ ምላጭ ጋጣ ሙሉ ይዳረሳል።

የዳሞቷ

ክትባቱ በማርች የተሰጠ ነው፣ ጊዜው አላለፈም። ፎጣው ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው። ሆዱን ከነገ ወዲያ እጨርሳለሁ።